«ጋዝ አልቋል» ከመባሉ በፊት፦ በድሬዳዋ የመኖሪያ ቤት አየር ማቀዝቀዣዎች የብልሽት ምርመራ ቅደም ተከተልና የመከላከያ ጥገና

አኅጽሮተ ጥናት

የመኖሪያ ቤት አየር ማቀዝቀዣ በሚገባ አላቀዘቅዝ ሲል ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ ጋዝ መጨመር ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ መልሱ ከማሽኑ አሠራር ጋር የማይጣጣምባቸውን ምክንያቶች ይመረምራል። የማቀዝቀዣ ጋዝ በተዘጋ ዑደት ውስጥ የሚዞር እንጂ በሥራ ብዛት የሚያልቅ ነገር አይደለም። የጋዝ ማነስ የሚያሳያቸውን ምልክቶች የአየር ፍሰት መታፈንም ያሳያል። በመሆኑም ምርመራው በመጀመሪያ አየርን፣ ቀጥሎ ኤሌክትሪክን፣ በመጨረሻ ጋዝን እንዲመለከት ጽሑፉ ሐሳብ ያቀርባል። ለዚህም የድሬዳዋን ከፍታ፣ ሙቀትና አቧራ መሠረት ያደረጉ ቀላል ስሌቶችንና የአንድ ቤት ገጠመኝን በማስረጃነት ይጠቀማል።

ቁልፍ ቃላት፦ የአየር ማቀዝቀዣ፣ የብልሽት ምርመራ፣ የአየር ፍሰት፣ የቮልቴጅ መውረድ፣ የመከላከያ ጥገና

1. መግቢያ

በድሬዳዋ ግንቦትና ሰኔ ሲደርስ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍባቸው ቀናት ይበዛሉ። ግድግዳውና የቆርቆሮ ጣሪያው ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ወደ ቤት ስለሚመልሰው፣ ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ላለበት ቤተሰብ የአየር ማቀዝቀዣ የምቾት ዕቃ ብቻ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ መነሻም የጸሐፊው ወላጆች ቤት ነው። አባቴ የልብ ሕመም ስላለባቸው ሐኪማቸው ከሙቀት እንዲጠበቁ አዝዘዋቸዋል። በአንድ የግንቦት ወር በመኝታ ክፍላቸው ያለው 12,000 ቢ.ቲ.ዩ. የሚባለው ማሽን ማቀዝቀዝ ሲያቅተው እናቴ ባለሙያ አስጠሩ። ባለሙያው ጌጁን ሰክቶ ተመለከተና «እማማ፣ ጋዙ አልቋል፤ እንሙላበት» አላቸው። ተሞላ፤ ማሽኑም ቀዘቀዘ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ችግሩ ሲመለስ ሌላ ባለሙያ መጥቶ እንደገና ጋዝ ጨመረ። በሰኔ አጋማሽ፣ በቀትር፣ ኮምፕሬሰሩ ተቃጠለ። አባቴ የቀረውን የሙቀት ወቅት በበረንዳ እያደሩ አሳለፉ። የተቃጠለው ማሽን ከግድግዳ ሲወርድ የውስጠኛውን ክፍል ፊልተር አውጥቼ ተመለከትሁ፤ በአቧራ ከመደፈኑ የተነሣ ብርሃን አያሳልፍም ነበር። በሁለቱም ጊዜ የከፈተው አልነበረም።

ሁለቱም ባለሙያዎች የታወቁ፣ በሥራቸውም ቅን ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ጥያቄው የግለሰብ ቸልተኝነት ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም። ቅን ሰው ለምን በተሳሳተ መልስ ይረካል? መልሱስ ለምን ለጊዜው ትክክል ይመስላል? ጽሑፉ የሚያተኩረው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው።

2. የማሽኑ አሠራር ለምርመራ ያለው ትርጉም

አየር ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜ አይፈጥርም፤ ሙቀትን ከቤት ውስጥ አንሥቶ ወደ ውጭ ያወጣል። በውስጠኛው ክፍል ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ ፈሳሹ ጋዝ በዝቅተኛ ግፊት እየተነነ የክፍሉን ሙቀት ይወስዳል። ኮምፕሬሰሩ የተነነውን ጋዝ ስቦ በከፍተኛ ግፊት ወደ ውጭኛው ኮንደንሰር ይገፋዋል። በዚያ ሙቀቱን ለውጭ አየር ሰጥቶ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል፤ በካፒላሪ ቱቦ አልፎም ግፊቱ ወርዶ ወደ ውስጥ ይመለሳል።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገሮችን መገንዘብ ይቻላል። አንደኛው፣ ዑደቱ ዝግ ነው። ጋዙ እንደ ነዳጅ አይቃጠልም፤ ይልቁንም በሰውነት ውስጥ እንደሚዘዋወር ደም ነው። ጎድሎ ከተገኘ የፈሰሰበት ቦታ አለ ማለት ነው። የሚደማውን ቁስል ሳያስር ደም ብቻ እየሰጠ የሚያሰናብት ሐኪም እንደሌለ ሁሉ፣ ፍሳሹን ሳይፈልጉ ጋዝ መሙላትም ጥገና ሊባል አይችልም። ሁለተኛው፣ ሙቀት ወደ ጋዙ የሚገባውም ከጋዙ የሚወጣውም በአየር አማካይነት ነው። አየሩ በውስጥም ሆነ በውጭ ከታፈነ፣ ጋዙ ምንም ያህል የተሟላ ቢሆን ማሽኑ ሥራውን መሥራት አይችልም።

እዚህ ላይ የድሬዳዋ ከፍታ የራሱ ድርሻ አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የከባቢ አየር ግፊቷ ወደ 0.88 ባር ነው። በእኩል ሙቀት ሲነጻጸር የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በ13 በመቶ ገደማ ያንሳል። ቬንቲሌተሩ በደቂቃ የሚገፋው የአየር ይዘት ባይለወጥም ሙቀት የሚሸከመው የአየር ክብደት ግን ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር በድሬዳዋ ያለ ማሽን ገና ፊልተሩ ሳይቆሽሽ ከአየር ድርሻው ጥቂት ተቀንሶበታል። አቧራ ሲጨመርበት ጉዳቱ ፈጥኖ ይሰማል።

3. አንድ ምልክት፣ ሁለት ምክንያት

ጋዝ ሲጎድል በኢቫፖሬተሩ ያለው ግፊት ይወርዳል፤ የመትነኛው ሙቀት ከዜሮ ዲግሪ በታች ሲሆን በቱቦው ላይ በረዶ ይሠራል፤ ከማሽኑ የሚወጣው ነፋስም ይደክማል። ፊልተሩ ሲደፈንም በኢቫፖሬተሩ የሚያልፈው አየር በቂ ሙቀት ስለማያመጣ ግፊቱ ይወርዳል፤ በረዶ ይሠራል፤ ነፋሱም ይደክማል። ዝቅተኛ ግፊትን ብቻ አይቶ «ጋዝ አልቋል» ማለት ሁለቱን በሽታዎች በአንድ ስም መጥራት ነው።

የሚለያያቸው ተጨማሪ ልኬት ሱፐርሂት ነው። ይህም ወደ ኮምፕሬሰሩ የሚመለሰው ወፍራም ቱቦ ሙቀት፣ በዚያው ግፊት ጋዙ ከሚተንበት ሙቀት ምን ያህል እንደሚበልጥ የሚያሳይ ነው። ለምሳሌ አር 22 በተሞላ ማሽን ላይ ጌጁ 3.3 ባር አሳየ እንበል። የድሬዳዋ የከባቢ አየር ግፊት ሲደመርበት ፍጹም ግፊቱ 4.2 ባር ገደማ ይሆናል፤ በዚህ ግፊት አር 22 የሚተነው ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ ነው። የመላሹ ቱቦ ሙቀት 10 ዲግሪ ከሆነ ሱፐርሂቱ 15 ዲግሪ ነው፤ ኢቫፖሬተሩ ፈሳሽ ተርቧል፤ የጋዝ ማነስ ወይም የካፒላሪ መደፈን ይጠረጠራል። የቱቦው ሙቀት ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ከሆነ ግን ሱፐርሂቱ 2 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ፈሳሹ ሞልቶ የሚያተነው ሙቀት አጥቷል፤ ስለዚህ መታየት ያለበት የአየር ፍሰቱ ነው። በሁለቱም ሁኔታ የጌጁ ንባብ አንድ ነው። በሁለተኛው ሁኔታ ጋዝ ቢጨመር ትርፉ ፈሳሽ ወደ ኮምፕሬሰሩ ገብቶ ቫልቮቹን መጉዳትና በኮንደንሰሩ በኩል ግፊትን ማናር ይሆናል።

4. የተሳሳተው መልስ ትክክል የሚመስልበት ምክንያት

በወላጆቼ ቤት ከመጀመሪያው ሙሌት በኋላ ማሽኑ በእርግጥ ቀዝቅዞ ነበር። ይህን የጋዙ ውጤት አድርጎ መውሰድ ቀላል ነው። ነገር ግን ባለሙያው ሥራውን ለመጀመር ማሽኑን ማጥፋቱን፣ ዕቃውን አዘጋጅቶ እስኪያስነሣውም ከአንድ ሰዓት በላይ ጠፍቶ መቆየቱን ማስታወስ ያስፈልጋል። በዚያ ጊዜ በኢቫፖሬተሩ ላይ የተጋገረው በረዶ ይቀልጣል። በረዶው ሲቀልጥ ተዘግቶ የነበረው የአየር መንገድ በከፊል ይከፈታል፤ ማሽኑ ሲነሣም ጥሩ ያቀዘቅዛል። ከቀናት በኋላ በረዶው እንደገና ሲሠራ ችግሩ ይመለሳል፤ ቤተሰቡም «ጋዙ ዳግመኛ አለቀ» ይላል።

በጥናት ዘዴ ቋንቋ ሲገለጥ፣ ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ተደርገው ውጤቱ ለአንዱ ብቻ ተሰጥቷል ማለት ነው። ባለሙያውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ በሠራ ቁጥር ውጤት ያያልና ልምዱ ስሕተቱን ያጠናክርለታል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፦ ጋዝ ከመጨመሩ በፊት ፊልተሩ ይታጠብ፤ በረዶው ሙሉ በሙሉ ይቅለጥ፤ ማሽኑ እንደገና ተነሥቶ ይለካ። ከዚያ በኋላ ድክመቱ ካልተወገደ ብቻ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ይታለፍ።

5. የምርመራ ቅደም ተከተል

5.1 አንደኛ ደረጃ፦ አየር

ፊልተሩ ተነቅሎ በብርሃን ፊት ይታያል። ቀጥሎ የውስጠኛው ቬንቲሌተር ምላጮች አቧራ ተሸክመው እንደሆነ ይመረመራል። ፊልተሩ ከጸዳና ማሽኑ 15 ደቂቃ ከሠራ በኋላ ወደ ማሽኑ የሚገባውና ከማሽኑ የሚወጣው አየር በተራ ቴርሞሜትር ይለካል። በአብዛኛው ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ልዩነት ካለ የማቀዝቀዝ ዑደቱ እየሠራ ነው፤ ክፍሉ ግን ካልቀዘቀዘ ምክንያቱ በማሽኑ ሳይሆን በክፍሉ ሊሆን ይችላል፦ ያልተዘጋ መስኮት፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ፣ ወይም ለማሽኑ አቅም የሰፋ ክፍል።

የውጭኛው ክፍልም እኩል ትኩረት ይሻል። አዲሱ የወላጆቼ ማሽን ከመተከሉ በፊት የቀድሞውን ቦታ ተመለከትሁ። የውጭኛው ክፍል በቤቱ ግድግዳና በአጥሩ መካከል፣ ላዩ በቆርቆሮ በተሸፈነ ጠባብ መተላለፊያ ነበር የተሰቀለው። ለሙከራ አዲሱ ማሽን በዚያው ተሰቅሎ ሲሠራ፣ በግቢው ጥላ ሥር 36 ዲግሪ ሆኖ ሳለ ወደ ኮንደንሰሩ የሚገባው አየር 46 ዲግሪ ደርሶ ተገኘ። ማሽኑ ያወጣውን ትኩስ አየር መልሶ እየሳበ ነበር።

ይህ 10 ዲግሪ ምን ያህል ያስከፍላል? ኢቫፖሬተሩ በ5 ዲግሪ፣ ኮንደንሰሩ በ50 ዲግሪ ሲሠሩ በካርኖ ቀመር የሚገኘው ከፍተኛ የብቃት መጠን 278 ለ45 ሲካፈል 6.2 ገደማ ነው። ኮንደንሰሩ ወደ 60 ዲግሪ ሲወጣ 278 ለ55 ተካፍሎ 5.1 ገደማ ይሆናል። በንድፈ ሐሳብ ደረጃ እንኳ 18 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በዚህ ላይ ትርፍ ጋዝ ሲጨመር የኮንደንሰሩ ግፊት ይበልጥ ይንራል። የቀድሞውን ኮምፕሬሰር ያቃጠለው የእነዚህ ድምር ሳይሆን አይቀርም። አዲሱ ማሽን አየር ወደሚያገኝ የሰሜን ግድግዳ ተዛውሯል።

5.2 ሁለተኛ ደረጃ፦ ኤሌክትሪክ

የውስጠኛው ቬንቲሌተር እየሠራ የውጭኛው ክፍል ዝም ካለ፣ ወይም ኮምፕሬሰሩ «እም» ብሎ ከጠፋ፣ ጥርጣሬው ወደ ኤሌክትሪክ ይዞራል። በአገራችን የመኖሪያ ቤት መደበኛ ቮልቴጅ 220 ቮልት ቢሆንም፣ ሁሉም ቤት ማሽኑን በሚያስነሣበት ሰዓት መስመሩ ሊወርድ ይችላል። የኮምፕሬሰር ሞተር የማስነሻ ጉልበት ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚመጣጠን ትንሽ መውረድ ብዙ ያጎድላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መስመሩ 190 ቮልት ላይ ነው፤ ማሽኑ ከቆጣሪው 20 ሜትር ርቆ በ1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ተያይዟል። ለመሄጃና ለመመለሻ 40 ሜትር ሽቦ ወደ 0.47 ኦም መቋቋም አለው። ኢንቨርተር የሌለው ኮምፕሬሰር ሲነሣ 30 አምፔር ቢስብ በሽቦው ላይ 14 ቮልት ይጠፋል፤ ለሞተሩ የሚደርሰው 176 ቮልት፣ ማለትም የመደበኛው 80 በመቶ ነው። የማስነሻ ጉልበቱ ግን ወደ 64 በመቶ ይወርዳል። ሞተሩ መነሣት አቅቶት በቆመበት ከፍተኛ ኃይል እየሳበ ይግላል። በእንዲህ ያለ ቤት መፍትሔው ከቆጣሪው ለማሽኑ ብቻ የሚመጣ ወፍራም መስመር፣ የራሱ ብሬከርና ተስማሚ አቅም ያለው ስታቢላይዘር ነው። ማሽንን በኤክስቴንሽን ገመድ ማሠራት አይገባም።

ካፓሲተሩም በዚህ ደረጃ ይለካል። ሆዱ ያበጠ ወይም ልኬቱ በላዩ ከተጻፈው ከተፈቀደው ወሰን በታች የወረደ ካፓሲተር መለወጥ አለበት፤ ዋጋው ከኮምፕሬሰር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ካፓሲተር መብራት ከጠፋም በኋላ ኃይል ይዞ ስለሚቆይ በባለሙያ ካልሆነ አይነካም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ኮምፕሬሰሩ ቢያንስ ከ3 ደቂቃ በኋላ መነሣት አለበት፤ በሁለቱ ወገን ያለው ግፊት ሳይመጣጠን ቢነሣ ሸክሙ ይከብደዋል።

5.3 ሦስተኛ ደረጃ፦ ጋዝ

አየሩም ኤሌክትሪኩም ተመርምረው ሱፐርሂቱ ከፍ ብሎ ከተገኘ የጋዝ ማነስ እውነተኛ ጥርጣሬ ይሆናል። ያን ጊዜም የመጀመሪያው ሥራ ፍሳሹን መፈለግ ነው። በቱቦ መጋጠሚያ ላይ የዘይት ወዝ መታየት የተለመደ ፍንጭ ነው፤ የሳሙና አረፋም ቦታውን ይገልጣል። የግፊት ሙከራ የሚደረገው በደረቅ ናይትሮጅን ብቻ ነው። ኦክስጅን ከኮምፕሬሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ስለሚፈነዳ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይውልም። ፍሳሹ ከተደፈነ በኋላ አየሩና እርጥበቱ በቫክዩም ፓምፕ ይወጣል፤ ጋዙም በማሽኑ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው መጠን በሚዛን ተመዝኖ ይሞላል።

የጋዙ ዓይነትም መለየት አለበት። አር 410ኤ ከአር 22 በእጅጉ የላቀ ግፊት ስላለው ለአር 22 በተሠራ ማሽን ውስጥ አይገባም። አር 32 ደግሞ በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ጋዝን እየሞሉ ማፍሰስ ከቤት አልፎ የሚደርስ ጉዳት አለው። አር 22 የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ከአገልግሎት እየወጣ ያለ ጋዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረሰበት የኪጋሊ ማሻሻያ ደግሞ እንደ አር 410ኤና አር 32 ያሉትን ጋዞች ፍጆታ ደረጃ በደረጃ ይቀንሳል። አንድ ኪሎ ግራም አር 22 በ100 ዓመት ስሌት የሚያስከትለው የሙቀት ጫና ከ1,810 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር እንደሚመጣጠን በመንግሥታት መካከል የተቋቋመው የአየር ንብረት ለውጥ ፓነል አራተኛ ሪፖርት አስፍሯል። 0.8 ኪሎ ግራም የሚይዝ አንድ ማሽን ጋዙን ሁሉ ቢያፈስ ከ1.4 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ መልቀቅ ነው።

6. የመከላከያ ጥገና

ከላይ የተመለከቱት ብልሽቶች አብዛኞቹ አስቀድሞ ሊከላከሏቸው የሚቻሉ ናቸው። የቤቱ ባለቤት ራሱ ሊሠራው የሚገባውና ለባለሙያ የሚተወው ግን መለየት አለበት።

የቤቱ ባለቤት ድርሻ፦ በአቧራማና በሞቃት ወራት ፊልተሩን በየሁለት ሳምንቱ በለብታ ውሃ አጥቦ በጥላ ማድረቅ፤ የውጭኛውን ክፍል አካባቢ ከዕቃ፣ ከጨርቅና ከቅጠል ነጻ ማድረግ፤ ሪሞቱን ወደ 16 ዲግሪ በማውረድ ፈንታ በ24 እና በ26 ዲግሪ መካከል ማቆየት። ቁጥሩን ማውረድ መደበኛውን ማሽን ፈጥኖ እንዲያቀዘቅዝ አያደርገውም፤ ሳያርፍ እንዲሠራ ብቻ ያደርገዋል። የውጭኛውን ክፍል ከፀሐይ መጋረድ መልካም ነው፤ ሆኖም ጥላው አየሩን የሚዘጋ ሣጥን እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ከውስጠኛው ክፍል ውሃ ወደ ቤት ሲንጠባጠብም መጀመሪያ የሚታየው የውሃ መውረጃ ቱቦው ነው። ቱቦው በአቧራና በአተላ ተደፍኖ፣ ወይም ቁልቁለቱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ቱቦው ንጹሕ ሆኖ ውሃው ካልቆመ ግን የሚቀልጥ በረዶ መኖሩን ያመለክታልና ምርመራው ወደ አንደኛው ደረጃ ይመለሳል።

የባለሙያው ድርሻ፦ ሙቀቱ ከመግባቱ በፊት፣ በመጋቢት፣ ኮንደንሰሩንና ኢቫፖሬተሩን ማጠብ፣ ካፓሲተሩን መለካት፣ የላሉ የኤሌክትሪክ ማሰሪያዎችን ማጥበቅ። ኮንደንሰሩ የሚታጠበው ኃይል በሌለው ውሃ ነው፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው ውሃ ስስ የአሉሚኒየም ክንፎቹን አጣምሞ አየሩን ይዘጋዋል። ከማናቸውም እጥበት በፊት ብሬከሩ ይጠፋል።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ ጽሑፍ የሚወሰደው ዋና ነጥብ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። የአየር ምርመራ ወጪው ጥቂት ውሃና ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምርመራ አንድ ቴስተር ይጠይቃል፤ የጋዝ ሥራ ግን ውድ፣ የማይመለስና ስሕተቱ ማሽኑን የሚያጠፋ ነው። ስለዚህ ርካሹና ጉዳት የሌለው ምርመራ ሊቀድም፣ ውዱና አደገኛው ሊከተል ይገባል።

በዚህ ዘርፍ ለሚመጡ ተመራቂ ተማሪዎች አንድ ቀላል የመስክ ጥናት እንዲሠራ ሐሳብ ይቀርባል። በሙቀት ወራት ጋዝ እንዲሞላላቸው ጥሪ ያቀረቡ ቤቶች፣ ከመሙላቱ በፊት የፊልተራቸው ሁኔታ፣ የመስመራቸው ቮልቴጅና የማሽናቸው ሱፐርሂት ይመዝገብ፤ ፊልተሩ ታጥቦ በረዶው ከቀለጠ በኋላም ልኬቱ ይደገም። ከጥሪዎቹ ስንቱ በእርግጥ ጋዝ እንደሚፈልግ በዚህ ይታወቃል። ለሙያ ማሠልጠኛዎችም ውጤቱ ባለ አንድ ገጽ የምርመራ ቅጽ ሊሆን ይችላል፤ ቅጹ ሳይሞላ የጋዝ ሲሊንደር እንዳይከፈት።

በወላጆቼ ቤት ይህ ልማድ ተጀምሯል። እናቴ ፊልተሩ የሚታጠብበትን ቀን በግድግዳ ካላንደር ላይ ምልክት ያደርጋሉ። ባለሙያ ሲመጣም ጌጁን ከመሰካቱ በፊት «መጀመሪያ ፊልተሩን አይተኸዋል?» ብለው ይጠይቁታል።